የየኔታ እንግሊዝኛ

ባለፈው ሰሞን ፒያሳ ወርጄ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ መንገድ ላይ አኮረፈች። ሾፌሩ የልጅ ልጄን የሚያክል ጎረምሳ ነው። «አባ፣ አንድ አፍታ ይታገሡኝ» ብሎ እየገፋ ወደ አንድ ጋራዥ አስገባት። እኔም የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መሬቱ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል። ያ ሽታ ገና አፍንጫዬን ሲነካው፣ ሳላስበው ከአፌ «ዘ ካው ጎስ ቱ ዘ ሪቨር» የሚል ነገር ወጣ። ያውም በዜማ።

ልጁ ብሎን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። «አባ፣ እንግሊዝኛ ይችላሉ እንዴ?»

«በዜማ ብቻ» አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። ሌላው ሰው የጋራዥ ሽታ ሲሸተው ማኪና ትዝ ይለዋል፤ እኔን ትዝ የምትለኝ ላም ናት። እንግሊዝኛ የተማርኩት ጋራዥ ውስጥ ነዋ።

ያኔ ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ወታደሮቹ ማኪና ያድሱበት የነበረ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር፤ እሱን ትምህርት ቤት አደረጉት። ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ፣ ግድግዳው ኖራ ተቀባ። ወለሉን ግን ማንም ሊያሸንፈው አልቻለም። የጠጣውን ዘይት ፀሐይ በሞቀች ቁጥር መልሶ ይተነፍሰዋል። አግዳሚ ወንበር የደረሰው ለትልልቆቹ ብቻ ስለሆነ እኛ ትንንሾቹ ከየቤታችን አጎዛ እየያዝን መጥተን መሬት እንቀመጣለን። የእኔ አጎዛ ነጭ ነበር። ወር ሳይሞላው ጥቁር በግ ሆነ። እናቴ አጎዛውን ባየች ቁጥር፣ «ምነው፣ ይሄ ልጅ የሚውለው ትምህርት ቤት ነው ወይስ ከሰል ጉድጓድ?» ትል ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በደብራችን አቋቋም ያስተምራሉ። ፈንጣጣ በልጅነታቸው ሁለቱንም ዓይናቸውን ስለወሰደው፣ ያላቸው ትምህርት ሁሉ በጆሯቸው የገባ ነው። የገባ ደግሞ አይወጣም። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፣ ጎረቤቱ የኔታ ይላቸዋል፣ እናቴም የኔታ ትላቸዋለች። እኔም ልጃቸው መሆኔን እስክረሳ ድረስ የኔታ እላቸው ነበር።

የደብሩ ሰው የፈረንጅ ቋንቋ የተማረ ልጅ ማተቡን ይበጥሳል ብሎ ይፈራል። የኔታ ግን፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ባላውቅም፣ ፈቀዱልኝ። አፈቃቀዳቸው ታዲያ ገደብ ነበረበት።

«ዓመቱ ሲያልቅ ፈተና አለ አሉ» አሉኝ። «ካለፍክ ትቀጥላለህ። ከወደቅህ ግን አኩፋዳህን አንግተህ ጎጃም ትሻገራለህ፤ ደንበኛውን ዜማ ትማራለህ።»

ጎጃም መሻገር ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። የየኔታ ተማሪዎች ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። ያችን ከረጢታቸውን አንግተው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ምግባቸውን ሲለምኑ ውሻ ምን እንደሚያደርጋቸው ቆሜ አይቻለሁ። አንደኛው ባቱን ተነክሶ ሁዳዴን ሙሉ ሲያነክስ ከርሟል። እኔ ደግሞ ውሻ እፈራለሁ። ዛሬም እፈራለሁ፤ የራሴ ጥርስ ካለቀ ወዲህማ ጥርስ ያለው ሁሉ ያስፈራኛል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የነበረኝ ትጋት ከእውቀት ጥማት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ከውሻ ሽሽት ነው።

አስተማሪያችን ሚስተር ማታይ የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ በጋም ሆነ ክረምት ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሰው። የጎንደር ብርድ አልተስማማቸውም መሰለኝ በየመሐሉ ያስላሉ። ሳላቸው የራሱ አካሄድ ነበረው፤ ሁለቴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ ይላል፦ «እኽ፣ እኽ፣ ኡህ»።

የመጀመሪያው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የኔታ ደጃፋችን ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«የመምህርህ ስም ማነው?»

«ማታይ።»

«ማቴዎስ በለኛ! ክርስቲያን ነው።» ፊታቸው ፈታ አለ። «በል፣ ያስተማረህን አሰማኝ።»

በቄስ ትምህርት ቤት ወግ ተማሪ የቀኑን ትምህርት በቃሉ ያሰማል። መምህሩ ያለውን ሁሉ፣ እንዳለው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ይሄ ዋና ነው፣ ይሄ ትርፍ ነው ብሎ የሚመርጥ ተማሪ የለም። ከመምህር አፍ የወጣ ሁሉ ትምህርት ነው። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነበር። አጎዛዬን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዝኩ፣ ዳዊት በምደግምበት ድምፅ ጀመርኩ፦

«ሲት ዳውን! ሳይለንስ! ዚስ ኢዝ ኤ ካው። እኽ፣ እኽ፣ ኡህ። ዚስ ኢዝ ኤ ዶግ። ዩ ቦይ፣ ዶንት ስሊፕ! ዚስ ኢዝ ኤ ሃውስ። ኢነፍ፣ ጎ ሆም።»

ሳሉንም ጭምር አሰማሁ ማለት ነው። «ዶንት ስሊፕ» የተባለው ማን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። እኔው ነኝ፤ የዘይቱ ሽታ ከሙቀቱ ጋር ሆኖ አስተኝቶኝ ነበር። የተቆጡኝን ቁጣ ተሸክሜ መጥቼ ለአባቴ በዜማ አቀረብኩላቸው።

የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ ሰሙ። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው አሉት፤ አንድ ሳል ሳይጎድል።

«ማሰሪያው ሸጋ ነው» አሉ። «ኢነፍ፣ ጎ ሆም። ምን ማለት ይሆን?»

«እንጃ። እሱን ሲሉ ሁላችንም ተነሥተን እንወጣለን።»

«እትዉ በሰላም ማለት ነዋ!»

ይህ ቅዳሴ ሲያልቅ ዲያቆኑ ሕዝቡን በሰላም ግቡ ብሎ የሚያሰናብትበት ቃል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ኢነፍ፣ ጎ ሆም» ባልኩ ቁጥር የኔታ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «አሜን» ይሉ ነበር።

እስከ ጥምቀት የተማርነው የነገር ስም ብቻ ነው። ካው፣ ዶግ፣ ሃውስ፤ እንደ ሽምብራ ቆሎ አንድ በአንድ የሚቃም። ግማሹንማ ድሮም የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ከጣሊያን የቀሩልን ቦርሳና ማኪና የሚሉ ቃላት እንግሊዝኛ ናቸው ብዬ ስከራከር ክፍሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ወግኖ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ግን ሰሌዳው ላይ የተሳለችው ላም መሄድ ጀመረች። ብቻዋን ስትሄድ «ዘ ካው ጎስ» ትባላለች፤ ጓደኞቿ ሲጨመሩ ደግሞ «ዘ ካውስ ጎ»። ያቺ ስ የምትባል ድምፅ አንዴ ላሚቱ ላይ አንዴ መሄዱ ላይ ትቀመጣለች። ሚስተር ማታይ ጠመኔያቸው እስኪያልቅ አስረዱ። እኔ የገባኝ ሳላቸው ብቻ ነው።

ለየኔታ እንደተባለው አድርጌ አሰማሁ። «አስተውለሃል? ስ አንዲት ብቻ ናት» አሉኝ።

«እንዴት?»

«እኛ ቤት ስንት ደኅና ጋቢ አለ?»

«አንድ።»

«እናትህ ለብሳው ገበያ ስትወጣ እኔ የት ነኝ?»

«እቤት።»

«እኔ ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ስሄድስ?»

«እሷ እቤት ናት።»

«እንግሊዞችም እንደኛው ናቸው። ላሞቹ ከለበሷት መሄዱ ራቁቱን ይቀራል። መሄዱ ከለበሳት ደግሞ ላሚቱ።»

እናቴ ከውስጥ ሆና፣ «የኔታ፣ እንግሊዞች ሁለተኛ ጋቢ ይገዛሉ! የማይገዙት አንቱ ነዎት!» አለች።

ሕጉ ከዚህ ሰፋ ያለ መሆኑን በኋላ ተረድቻለሁ። ቢሆንም እስከ ዛሬ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ጋቢውን ማን ለበሰ ብዬ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ የባለቤትነትን አነጋገር ጀመርን። «ዘ ቦይስ ባግ፣ ዘ ፋርመርስ ካው።» ለየኔታ አዲስ አልሆነባቸውም፤ በግዕዝ ዘርፍ ሲሉት የኖሩት ነው። እኔ ግን ሥልጣን የተሰጠኝ መሰለኝና ቤቱን ማደል ጀመርኩ። እናቴ ደስ አላት፤ ንብረቷ በስሟ ሲጠራ ሰምታ አታውቅም።

«ዘ ማዘርስ ሄን» አልኩ ዶሮዋን እያሳየሁ።

«እሰይ! እንስራዬንስ?»

«ዘ ማዘርስ እንስራ።»

«ምጣዴንስ?»

«ዘ ማዘርስ ምጣድ።»

«ጋቢውስ?» አለች።

ወደ የኔታ ዞርኩ። የኔታም መቋሚያቸውን ይዳስሱ ጀመር።

በዚያ ጾም የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዳቸውን ውለው ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ እህል ሳይቀምሱ በፊት እኔን ይሰሙኝ ነበር። ሽሮው ሲቀዘቅዝ እናቴ ትቆጣለች። «መጀመሪያ ላሚቱ ወንዝ ትውረድ» ይሏታል።

ችግር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ክፍል ውስጥ ተነሥቼ ሳነብ መወዛወዜ አይቀርም። አንድ ቀን አጎዛ ላይ ያሉት ሁሉ ከእኔ ጋር መወዛወዝ ጀመሩ፤ ወንበር ላይ ያሉት ትልልቆች ደግሞ በእግራቸው ይመቱልናል። አዳራሹ ማኅሌት ሊቆምበት ምንም አልቀረው። ሚስተር ማታይ በጃንጥላቸው ጠረጴዛውን መቱና፣ «ዶንት ሲንግ! ስፒክ!» ብለው ጮኹ።

ወግ ነውና እሱንም ይዤ ገባሁ። «ዶንት ሲንግ! ስፒክ!» አልኩ እየተወዛወዝኩ።

የኔታ ወደዷት። «ይቺ በአራራይ ብትሆን ታምራለች» አሉ። አራራይ ልብ የሚያባባው፣ የልመናና የሐዘን ዜማ ነው። እሳቸው አዜሙልኝ፤ እኔ ተቀበልኩ። እስከ ፋሲካ ድረስ ሁለታችን ወይራው ሥር ተቀምጠን «አትዝፈን፣ ተናገር» የሚለውን ትእዛዝ በሚያስለቅስ ዜማ ስናዜም ከረምን።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የፈተናው ቀን ደረሰ። ከአዲስ አበባ መርማሪ መጥቷል፤ ወላጆችም እንዲገኙ ተጠርተዋል። እናቴ ጋቢውን ከሰቀለችበት አውርዳ ለየኔታ አለበሰቻቸው። «አንቱ ይሂዱ። ሲሰማው የከረመው አንቱ ነዎት» አለች። እሷ በር ላይ ቆማ ቀረች።

የኔታ ከኋላ፣ ከወላጆች ጋር፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። መርማሪው ኮትና ከረባት ያደረገ፣ ጢም ገና ያላበቀለ ወጣት ነበር። ፈተናው በቃል ነው፤ ሰሌዳው ላይ ካለው ሥዕል ፊት ቆሞ የተማሩትን መናገር። ስሜ ሲጠራ ሚስተር ማታይ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «ታከለ፣ ኖ ሲንግ» አሉኝ።

እጄን ከጎኔ ለጥፌ እንደ ወታደር ቆምኩ። ላሚቱ ታየኛለች። ገበሬው ይታየኛል። «ዘ ፋርመርስ...» አልኩ። ቀጥሎ ያለው የለም። ለካ ቃሎቹን የሰቀልኳቸው ዜማው ላይ ኖሯል፤ ዜማውን ሳወርደው አብረው ወረዱ። «ዘ ፋርመርስ...» አልኩ እንደገና። ከውጭ ውሻ ጮኸ። የሰፈሩ ውሻ ይሁን የጎጃም አላወቅሁም።

ያን ጊዜ ከበስተኋላ መቋሚያ ወለሉን መታ አደረገ።

«ዘ ፋርመርስ ካው ሃዝ ኤ ካፍ» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

መርማሪው ብድግ አለ። «ማነው የነገረው?»

«እኔ ነኝ፣ አያ» አሉ የኔታ። አይታያቸውም፤ ሲቆጣ ጊዜ በዕድሜ የሚበልጣቸው መስሏቸዋል።

«ፈተና ላይ ይነገራል እንዴ?»

«ልጁ ቆመ እኮ።»

«ቢቆምስ?»

የኔታ ከልባቸው ግራ ገባቸው። በቤተ ክርስቲያን አንድ ዲያቆን ቃል ሲጠፋበት የሚያውቅ ሰው ካለበት ሆኖ ቃሉን ያቀብለዋል። ነውሩ ዝም ማለት ነው። «ቢቆምማ እንነግረዋለን» አሉ። «በአንቱ አገር ቅዳሴ ሲጎድል ዝም ይባላል?»

ወላጆቹ ሳቁ። መርማሪው አልሳቀም። «ይህ ማስኮረጅ ነው። ልጁ ወድቋል» ብሎ እስክሪብቶውን አነሣ።

አኩፋዳው ትከሻዬ ላይ ሲንጠለጠል ተሰማኝ። ሚስተር ማታይ ግን ፈጠን ብለው ወደ መርማሪው ሄዱና በእንግሊዝኛ ያነጋግሩት ጀመር። እኔ የለየሁት «ፋዘር» የምትለዋን ብቻ ነው። መርማሪው እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ።

«እርስዎ እንግሊዝኛ የት ተማሩ?»

«አልተማርኩም፣ አያ።»

«አሁን የተናገሩት ምን ማለት ነው?»

«እንጃ።»

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

«ልጁ በየቀኑ ያሰማኛል። እሱ ያለውን ነው ያልኩት። የጎደለ ካለ የእኔ ጥፋት ነው። የጨመርኩት ግን አንድም የለም።»

«ስንቱን ያውቁታል?»

«ከየት ልጀምር?» አሉ የኔታ።

ሚስተር ማታይ ነገሩ በተተረጎመላቸው ጊዜ ዓይናቸው ተከፈተ። ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ የኔታ እንደማያዩ ትዝ ሲላቸው ደግሞ፣ «ከመጀመሪያ» አሉ በአማርኛ።

የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «ሲት ዳውን! ሳይለንስ!» ሲሉ ሕፃናቱ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ላሚቱ መጣች፣ ውሻው መጣ፣ ሳሉ መጣ። ሳሉን የሰማ ሁሉ ወደ ሚስተር ማታይ ዞረ፤ እሳቸውም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ዩ ቦይ፣ ዶንት ስሊፕ!» ሲሉ አንድ ያንቀላፋ ወላጅ ደንግጦ ነቃ። ላሚቱ ብቻዋን ወንዝ ወረደች፣ ጓደኞቿም ተከተሉ፤ ስ በየተራዋ ትለበሳለች፣ ትወልቃለች። «ዶንት ሲንግ! ስፒክ!» በአራራይ ሲመጣ መርማሪው መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ቀበረበት። የኔታ የሚያቆማቸው አልነበረም። የተጀመረ ነገር ማሰሪያው ሳይደርስ አይተውም። ዓመቱን ሙሉ ያሰማኋቸውን ከላይ እስከ ታች ወርደው፣ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ፣ ራሳቸውንም ጎንበስ አድርገው፣

«እኽ፣ እኽ፣ ኡህ። ኢነፍ፣ ጎ ሆም» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። ልጆቹ አጎዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። ወላጆቹ ፈተናው ያለቀ መስሏቸው ተከተሏቸው። ሚስተር ማታይ ራሳቸው ጃንጥላቸውን አንሥተው በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው የባነኑት።

«አሜን» አሉ የኔታ።

ባዶው አዳራሽ ውስጥ አራታችን ቀረን። መርማሪው ዓይኑን ጠራረገና፣ «ና» አለኝ። «አንተ ደግሞ በል።»

«በዜማ?»

«እንደ ለመድከው።»

ተወዛወዝኩ። ቃሎቹ ከወደቁበት ተነሥተው መጡ። መርማሪው ይህ የቃል ጥናት ብቻ እንዳይሆን ብሎ ነው መሰለኝ፣ ውሻውን አሳየኝና ሌላ ውሻ አጠገቡ ሣለ። ምን ያደርጋሉ አለኝ። ውሻው ሁለት ሆነብኝ ማለት ነው። ጋቢውን ከግሱ ገፍፌ በፍጥነት ለውሾቹ አለበስኩና፣ «ዘ ዶግስ ጎ» አልኩ። «ጎ ሆም» ብዬም ጨመርኩላቸው፤ እንዲሄዱልኝ።

«አልፏል» አለ መርማሪው።

ስንወጣ ሚስተር ማታይ የየኔታን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ነገር አሏቸው። እኔ መቋሚያውን ከጫፉ ይዤ እየመራሁ ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን።

«አለፍክ አይደል?» አሉኝ የኔታ።

«አለፍኩ።»

ጥቂት እንደሄድን፣ «እኔስ?» አሉ።

የቀለዱ መስሎኝ ዞሬ አየኋቸው። አልቀለዱም። እኔ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳለሁ ፊቴ ምን ይመስል እንደነበረ ያን ጊዜ እሳቸው ፊት ላይ አየሁት።

«ያ ሰው እጄን ይዞ ምን አለኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቬሪ ጉድ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እጅግ ሸጋ ማለት ነው።»

«ለአንተስ ብሏል?»

«አላለም።»

ከዚያ በኋላ እርምጃቸውን ልደርስበት አልቻልኩም። መሪው እኔ መሆኔ ቀርቶ ተጎታች ሆንኩ።

እናቴ በር ላይ እየጠበቀችን ነበር። «አልፈናል!» አሉ የኔታ ከሩቁ። እልል ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ የኔታ ሊቀመጡ ዞር ሲሉ የጋቢውን ጀርባ አየች፤ የጋራዡ ወለል የሚተነፍሰውን ሁሉ ተንፍሶበት ነበር። ያ ደኅና ጋቢ ከወገቡ በታች የእኔን አጎዛ መስሏል።

«የኔታ!» አለች። «ጋቢው! ምን ሆነ ጋቢው?»

የኔታ በእጃቸው ዳሰሱት። ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ መቋሚያቸውን ቀጥ አድርገው፣ ከሁዳዴ ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረውን መልስ በሙሉ ድምፅ ሰጡ፦

«ዘ ማዘርስ ጋቢ።»

«አሁን ሲቆሽሽ?» አለች እናቴ። «አሁን ነው የእኔ የሆነው?»

በእንዶድ አጠበችው። ነጭ ሆነ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ያን ክረምት የኔታ ለብሰውት ሲሄዱ ደብሩ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል፤ እናቴ ለብሳው ስትወጣ ገበያው። እኔም ሽታው በደጃችን ባለፈ ቁጥር፣ ያለፈው ማንም ይሁን ማን፣ ካለሁበት ሆኜ «ዘ ካው ጎስ» እላለሁ፤ እቤት የቀረው ደግሞ «ቱ ዘ ሪቨር» ብሎ ይቀበለኛል።